ወገቤን ልሞክር

ባለፈው ክረምት አክስቴ ከጎጃም መጥታ እኛ ዘንድ ሰንብታ ነበር። አንድ ጠዋት ከተቀመጠችበት ተነስታ «እስቲ ወገቤን ልሞክር» አለች። የአሥር ዓመቷ ልጄ ፈጥና ትራስ አመጣችላት፤ ወገቧን ያመማት መስሏት ነው። አክስቴ የፈለገችው መጸዳጃ ቤት ነበር።

መጸዳጃ ቤት ባልነበረበት አገር ሰው ወገቡን የሚሞክረው ከቤት ራቅ ብሎ፣ ቁጥቋጦ ተገን አድርጎ ነው። ነገሩን በስሙ መጥራት ነውር ስለሆነ ጨዋ ቃል ተበጀለት። እንዲህ ያለ ቃል ቤታችን ውስጥ ሳይገባን ሲቀር ያሳዝነኛል።

የውሃውም ቋንቋ እንዲሁ ነው። አክስቴ «ውሃ ልውረድ» ነው የምትለው፤ ምንጩ ከቁልቁለቱ ሥር ነዋ! ቃሉ መውረዱን ብቻ ይናገራል። ወገብ የሚቆርጠው ግን ሙሉ እንስራ አዝሎ ዳገቱን መውጣቱ ነው። እንዳይፈስ አፉ በቅጠል ይወተፋል፤ ቤት ሲደርስ ማድጋው ውስጥ ይገለበጣል፤ ከዚያ በአንኮላ እየተጨለፈ ይጠጣል። እንስራ ባዶውንም ከባድ ነው። ጀሪካን ስለተተካለት ደስ ይለኛል፤ ቧንቧ በየደጁ ቢገባ ደግሞ የበለጠ።

ልጄ «ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚለውን ተረት ታውቀዋለች። ለምን እንደሚደገፍ ግን አታውቅም ነበር። አክስቴ ቡና ልትቆላ ተቀምጣ ሳለ አንድ ሎሚ ወለሉ ላይ አኖረች፤ ተንከባለለ። መልሳ አምጥታ በሦስት ጥሬ ቡና ዙሪያውን ደገፈችው፤ ቆመ። «የጋን መቀመጫው ድቡልቡል ነው፣ ልጄ» አለቻት።

እነዚህ ቃላት እውቀትም ያዘሉ ናቸው፤ እንዶድ የሚለውን ውሰዱ። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸውና፣ ስለ እንዶድ ያደረጉት ትልቁ ምርምራቸው ከዚያ ተነሳ። እንዶድን ሳሙና ያደረጉት ግን አጣቢዎቹ ናቸው።

እናንተም ቤት በዕድሜ የገፉ እናት ካሉ፣ ስልካችሁን ለመቅጃ ከፍታችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። «የድሮ ቃል ንገሩን» ብትሏቸው ምንም ላይመጣላቸው ይችላል። የምንጩን መንገድ ጠይቋቸው፤ ማን ከማን ጋር ይወርድ እንደነበር፣ እንስራ የተሰበረባት ምን ትባል እንደነበር ጠይቋቸው። ቃላቱ ራሳቸው ይመጣሉ።