አምስት ጀሪካን ከሩብ

ሰባት ሰው ያለበት ቤተሰብ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውኃ ቢያስፈልገው፣ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ስንት ጊዜ ይሞላል? ሰባት በ15 ሲባዛ 105፣ ለ20 ሲካፈል 5.25። ደብተሩ ላይ ትክክል ተብሎ ይታረማል። ውኃ የምትቀዳዋ ልጅ ግን መልሱ ስድስት መሆኑን ታውቃለች፤ ለሩቧም ቢሆን ቦኖ ድረስ መሄድ፣ መሰለፍ አለ።

ጥያቄውን ያወጣሁት የትየርኪዲን ተማሪዎች አስቤ ነው። ትየርኪዲ በጋምቤላ ክልል፣ ኢታንግ አካባቢ ያለ የስደተኞች መጠለያ ነው። በታኅሣሥ 2006 የደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ድንበር ተሻግረው ለመጡት፣ አብዛኞቹ ኑዌር ለሆኑ ስደተኞች በዚያው ዓመት ተከፈተ። ልጆቹ የሚማሩት በኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ነው። 15 ሊትሩም ከኪሴ የወጣ አይደለም፤ ስፌር የሚባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ መመዘኛ ለመጠጥና ለቤት ውስጥ ንጽሕና ቢያንስ ይህን ያህል ይላል።

ጠቤ ከአማካይ ጋር ነው። የሰው ብዛታቸው እኩል የሆነ አምስት ቤቶች እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለመልመጃ ያህል የተሠሩ ናቸው። ለአንድ ሰው በቀን የሚደርሰው 5፣ 8፣ 9፣ 10 እና 43 ሊትር ነው። ደምሩት፣ 75 ይመጣል። ለአምስት አካፍሉት፣ 15። ልክ መመዘኛው! ሪፖርት ጸሐፊው እዚህ ላይ ብዕሩን ይከድናል። ከአምስቱ ቤቶች አራቱ ግን ከመመዘኛው በታች ናቸው። ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ደርድሮ መሐል ላይ የተቀመጠውን፣ ማለትም ሚዲያኑን፣ ያየ ሰው 9 ያገኛል። ትንሹ ከትልቁ ሲቀነስ ደግሞ ልዩነቱ 38 ነው። ውኃ የተረፈው አንድ ቤት አራት ጎረቤቶቹን በወረቀት ላይ አጠጣቸው።

ተማሪዎቻችን ቀመሩን ይሸመድዳሉ፣ ፈተናም ያልፉበታል። «ይህ ቁጥር ማንን ደበቀ?» የሚል የቤት ሥራ ግን እምብዛም አላይም። ነገሩ የመጠለያ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ በፈረቃ የሚደርሰውና የኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ባልዲ የሚያወጣ ሰው የከተማው አማካይ ቢነገረው ይስቃል።

መምህራን ሆይ፣ «አማካዩን ፈልጉ» ካላችሁ በኋላ አንድ መስመር ጨምሩልን፦ ከአማካዩ በታች የቀሩት ስንት ናቸው? ማርክም ስጡበት።