የዶክተሩ ቤተሰብ ሐቅ የት ገባ?



ዛሬ የምናነሳው ኹጥባ ላይ ስለማይነሱ ሰዎች ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ስለሚያስተምሩ የጥርስ ሐኪሞች። "እነሱ ደግሞ ምን ጎደላቸው?" የሚል አይጠፋም። ሽማግሌ ሲላክ "ልጁ ዶክተር ነው፣ ያውም የዩኒቨርሲቲ መምህር" ከተባለ የልጅቷ ቤተሰብ ጥያቄ አያበዛም። ከኒካሁ በኋላ ግን ኑሮው እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። መስጂድ ላይ ለሽምግልና የሚመጣልን ስሞታ ስለ ዱላ ወይም ስለ ገንዘብ አይደለም። "ባሌ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ቤት የለም" ነው የሚሉት።

እስቲ ሰዓቱን እንቁጠረው። ጠዋት 2 ሰዓት ሌክቸር አለበት። ከዚያ ክሊኒክ ይወርዳል፤ ተማሪዎቹ ጥርስ ሲሞሉና ሲነቅሉ እያንዳንዱን ደረጃ አይቶ የሚፈርመው እሱ ነው። የተማሪ እጅ ቢስት ተጠያቂው እሱ ስለሆነ ለአፍታም ዞር ማለት አይችልም። አንገቱን ደፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ ይውላል፤ የአንገትና የወገብ ሕመም የዚህ ሙያ ጓደኛ ነው። ደመወዙ አዲስ አበባም ሆነ ጅማ የቤት ኪራይ ከፍሎ ልጅ ለማስተማር ስለማይበቃው ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል የግል ክሊኒክ ይሠራል፤ ቅዳሜም እዚያው ይውላል። በቀን 8 እና 3 ሰዓት፣ ለ5 ቀን 55፤ ከቅዳሜው 8 ጋር 63 ሰዓት! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሳምንት ሥራ ከ48 ሰዓት እንዳያልፍ ይላል፤ ሁለት ቦታ የሚሠራን ሰው ሰዓት ግን ደምሮ የሚያይለት የለም። ጥናትና ምርምሩ ገና አልተቆጠረም። ለማዕረግ እድገት የታተመ ጥናት ይጠየቃል፤ እሱ ደግሞ የሚጻፈው ልጆች ከተኙ በኋላ ነው።

ለእህቶቻችን ጫናው እጥፍ ነው። ሐኪሟ ከክሊኒክ ስትወጣ ወጡና ልጆቹ ይጠብቋታል። "ሚስቴ ዶክተር ናት" እያለ የሚኮራ ባል እራት ዘገየ ብሎ ፊቱን ሲያጠቁር ይገርመናል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው፣ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር፣ የሶላት ወቅት ሲደርስም ይወጡ እንደነበር መናገራቸውን ቡኻሪ ዘግቦታል። ከሳቸው በላይ ኃላፊነት ያለበት ማን ነው?

"ማስተማርም ማከምም ኢባዳ ነው፤ ቤተሰብ ሶብር ያድርግ" የሚሉ አሉ። የሰልማንና የአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ) ታሪክ መልስ ነው። ሰልማን ወንድማቸውን ሊዘይሩ ሲሄዱ ኡሙ ደርዳእን ራሳቸውን ጥለው አገኟቸው። ምክንያቱን ሲጠይቁ ባላቸው ከዱንያ ጉዳይ እንደራቁ ነገሯቸው። ልብ በሉ፣ አቡ ደርዳእ ጨዋታ ላይ አልነበሩም፤ ቀን ይጾማሉ፣ ሌሊት ይሰግዳሉ። እንዲያም ሆኖ ሰልማን ጾማቸውን አስፈቱ፣ ሌሊቱንም እንዲተኙ አደረጉ፤ ጌታም ነፍስም ቤተሰብም እያንዳንዳቸው ሐቅ እንዳላቸው ነገሯቸው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማን እውነቱን እንደሆነ መሰከሩ። ኢባዳ የቤተሰብን ሐቅ ካላስቀረ የምሽት ክሊኒክ እንዴት ያስቀራል?

ነገሩን ግን ዶክተሩ ላይ ብቻ መጫን ግፍ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ሌሊት ሲዞሩ ባሏ ዘመቻ የሄደባትን ሴት እሮሮ ሰሙ። "ሶብር አድርጊ" ብለው አላለፏትም። ልጃቸውን ሐፍሳን (ረ.ዐ) አማክረው ወታደር ከቤቱ የሚርቅበትን ጊዜ ወሰኑ፤ ዘገባዎቹ በወራቱ ቁጥር ቢለያዩም ሥርዓቱ መቀየሩ ላይ አይለያዩም። ዲንና ዲፓርትመንት ኃላፊ የሆናችሁ ወንድሞች፣ ይህ የእናንተ ጉዳይ ነው። ተማሪን ክሊኒክ ላይ መቆጣጠር እንደ ጥናቱ ሁሉ ለእድገት ይቆጠር፤ ስብሰባም መግሪብን አይሻገር።

ዶክተራችን ደግሞ ከአምስቱ ምሽት ሁለቱን ለቤቱ ይመልስ። ገቢው ይቀንሳል፣ አንዋሽም። ነፈቃ ግዴታ ነውና የግል ሥራውን ተው አንልም። ስለዚህ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ወጪያቸውን አብረው ይቁረጡ፤ መኪናም ይገዛ፣ ቤትም ይሠራ፣ ማታም ቤት ግባ ማለት አይሆንም።

ከጀመዓው የምንጠይቀው ቀላል ነው። ከዒሻ በኋላ "ዶክተር፣ ጥርሴን ቆረጠመኝ" ብሎ መደወል ይቅር፤ የሚታገሡት ሕመም ከሆነ ጠዋት ክሊኒክ ይኬድ። ከተነቀለ ጥርስ የሚወጣ ደም አልቆም ካለ፣ ወይም ፊትና አንገት አብጦ መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረ ግን የዶክተሩን ስልክ እየሞከሩ ጊዜ ማባከን አደገኛ ነው፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።