አያት ሳለች መጠየቅ

ባለፈው ዓመት ልጄን ልጠይቅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ሄጄ ነበር። ጎረቤቷ ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊት መምህር ናቸው። ዕድሜያችን ስለሚቀራረብ ቶሎ ተግባባን፤ የልጅ ልጄ ታስተረጉምልናለች። አንድ ቅዳሜ «የአያቶቼን አገር እንይ» ብለው አፖማቶክስ ወደሚባል የገጠር ካውንቲ ይዘውን ሄዱ። ካውንቲ እኛ ወረዳ እንደምንለው ነው፤ የራሱ ፍርድ ቤትና መዝገብ ቤት አለው።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ በ1865 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)፣ ጄኔራል ሊ ለጄኔራል ግራንት እጁን የሰጠው እዚያ ነው። ጎብኚ የሚመጣው ይህን ሊያይ ነው። መምህሯ ግን የሚመላለሱት ለሌላ ጉዳይ ነው፤ የቅድመ አያታቸውን እናት ስም ፍለጋ።

አሜሪካኖች ከ1790 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ይቆጥራሉ። የሰው ስም የሰፈረበት ቅጽ 72 ዓመት ሲሞላው ለሁሉም ክፍት ይሆናል። መምህሯ ቅድመ አያታቸውን በ1870ው ቆጠራ አግኝተዋታል፤ ከነስሟ፣ ዕድሜ 22። ከዚያ ወደ ኋላ ግን መንገዱ ይዘጋል። በ1850 እና በ1860 ባሪያዎች የተቆጠሩት ለብቻ በተዘጋጀ ቅጽ፣ በጌታቸው ስም ሥር ነው። ዕድሜና ፆታ ይጻፋል፤ ስም የለም። በዚያ ካውንቲ በ1860 ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ ባሪያ ነበር። መምህሯ የአንዱን ገጽ ቅጂ ከቦርሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። «ሴት፣ 12» ይላል።

«እሷ ልትሆን ትችላለች፤ ላትሆንም ትችላለች» አሉኝ።

ስም የሚገኝበት ሌላ ቦታ ነበር። ጌታው ሲሞት ኑዛዜውና የንብረቱ ዝርዝር ፍርድ ቤት ይመዘገባል፤ እዚያ ላይ ከበሬውና ከፈረሱ ጋር ሰዎቹም በስማቸው ይጻፋሉ። የአፖማቶክስ ፍርድ ቤት ግን በ1892 ተቃጠለ፤ መዝገቡም አብሮ ነደደ። ዛሬ ጎብኚ የሚያየው ሕንፃ እንደገና የተሠራ ነው። ካውንቲው በ1845 ሲመሠረት መሬት ከተቆረሰላቸው አንዱ የበኪንግሃም ካውንቲ ነበር፤ የእሱም ፍርድ ቤት በ1869 ተቃጥሏል። ቅጂው ወደ ሪችመንድ ይላክ የነበረው የግብር መዝገብ ተርፏል። እሱም ባሪያን በቁጥር እንጂ በስም አይጽፍም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «የእናንተስ ቤተሰብ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ኮራ ብዬ «እኛ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን» አልኩ። የልጅ ልጄ «እስቲ ቁጠሪ» አለችኝ። በአባቴ በኩል አምስት ድረስ ሄድኩ። በእናቴ በኩል ከአያቴ አላለፍኩም። ያሳደገችኝን የአያቴን እናት ስም አላውቀውም! የእኛን መዝገብ እሳት አልበላውም፤ ሳልጠይቅ ነው የቀረሁት።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ላሉት አክስቴ ደወልኩ። በቤተሰባችን የቀሩት ትልቅ ሰው እሳቸው ናቸው፤ የትናንቱን ቢረሱም የልጅነታቸውን ያስታውሳሉ። የአያቴን እናት ስም ነገሩኝ፤ የልጅ ልጄ በደብተሯ ጻፈችው። የእሷን እናት ስጠይቃቸው ግን ተምታታባቸውና «ነገ ደውይ፣ ሌሊት ይመጣልኛል» አሉኝ። ደወልኩ። አልመጣላቸውም። ያ መስመር እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

ወላጆች፣ በዚህ ሳምንት አንድ ደብተር ግዙና ልጆቻችሁን ይዛችሁ ትልልቆቹ ዘንድ ሂዱ። ዓመቱ ቢጠፋቸው «ጣሊያን ሲወጣ ስንት ዓመትዎ ነበር?» በሏቸው፤ ከዚያ ይቆጠራል። የተወለዱበትን ቀበሌና ደብር ጻፉ። የሴቶቹን ስም ደግሞ አደራ! በአባት ስም ስለምንጠራ ቀድሞ የሚጠፋው የእናቶቻችን ስም ነው። አያቶች፣ እናንተም እስክትጠየቁ አትጠብቁ።