ጾም ያልታዘዘባቸው ሕፃናት

በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ከሚገኙት ሕፃናት ከመቶው 57ቱ የደም ማነስ እንዳለባቸው፣ ይህም ቁጥር ከአምስት ዓመት በፊት 44 እንደ ነበረ በገለጠ ጊዜ፣ ብዙዎቻችን ነገሩን የሩቅ ገጠርና የድርቅ አገር መከራ አድርገን አልፈነዋል። ይሁን እንጂ በዚያው ጥናት፣ በአገር ደረጃ ከመቶው 38 የሆነው የመቀንጨር መጠን በአዲስ አበባ ወደ 15 ዝቅ ብሎ ሳለ፣ የደም ማነሱ ግን የመዲናይቱን ሕፃናት ግማሽ ያህሉን ይዞ ተገኝቷል። እንግዲህ በጎፋ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ጉንጩ ሞልቶ በእናቱ ጀርባ የሚያንቀላፋው ሕፃን፣ ቁመቱም ክብደቱም ሳይጎድል፣ የታችኛው የዓይኑ ሽፋን ገለጥ ሲደረግ ነጥቶ ሊታይ ይችላል።

ሕፃን ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የሚወጣው የብረት ስንቅ እስከ ስድስት ወር ገደማ ያደርሰዋል፤ የእናት ጡት ወተት ምንም እንኳ አቻ የሌለው ሲሳይ ቢሆን፣ ያለው ብረት ጥቂት ነውና ከዚያ ወዲያ ጉድለቱን መሙላት የሚችለው ምግብ ነው። በዚህ ጊዜ የምናቀርብለት ግን ብዙውን ጊዜ ቀጠን ያለ አጥሚት፣ የድንች ቅቅል፣ በሽሮ የራሰ ፍትፍት፣ ከዚህም የከፋው ዳቦ በሻይ ነው። ጤፋችን በብረት የታወቀ ነው ብለን መመካታችን መሠረት ቢኖረውም፣ ከብረቱ ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ በመሆኑ፣ የቀረውንም በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር አስሮ ስለሚይዘው፣ ወደ ሕፃኑ ደም የሚዘልቀው ትንሽ ነው፤ ሻይም ይህችኑ ትንሽ ይቀንሳታል። ሥጋና ጉበት በአንጻሩ ራሳቸው በቀላሉ ከመዋሐዳቸው ሌላ የእህሉን ብረት ያግዛሉ። ቄራ ከጎፋ እምብዛም አይርቅም፤ ለሕፃኑም አንድ ማንኪያ የተፈጨ ጉበት እንኳ ትጠቅመው ነበር።

ታዲያ ይህች ማንኪያ ስለ ምን ትታጣለች? ድህነት የመጀመሪያው ምክንያት መሆኑን አልክድም፤ ልብስ በማጠብ የምትኖር እናት እንቁላል መግዛት ሲከብዳት ስለ ጉበት መስበክ ግፍ ነው። ነገር ግን መግዛት በሚችለውም ቤት የማየው አንድ ነገር አለ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ድስቱና ጭልፋው ታጥቦ፣ ቅቤ የነካው ዕቃ ሁሉ ይሰቀላል፤ እናቲቱም ለሕፃኑ እንቁላል ብትቀቅል የጾሙ ድስት ይነካካብኛል ብላ ስለምትፈራ፣ የዓመት ልጅ ሃምሳ አምስቱን ቀን ከቤተ ሰቡ ጋር በሽሮ ይጾማል። ፍርሃቷ ከንጹሕ እምነት የመጣ ነውና ሊነቀፍ አይገባውም፤ ሆኖም ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ለጾም አያስገድድም። ቤተ ክርስቲያን ያልጫነችውን ቀንበር በሕፃኑ ትከሻ ላይ ያኖርነው እኛው ነን።

ይህንንም ቀንበር ለማንሣት ከሁሉ ይልቅ ሥልጣን ያላቸው የንስሐ አባቶች ናቸው። ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የሕፃኑን ክንድ በመለኪያ ጥብጣብ ለክታ አልከሳም ብትል፣ ጥብጣቡ ክሳትን እንጂ ደምን አይናገርም፤ ስለ ጾሙ ድስት የምትሰጠውም ምክር የአባቶችን ቃል ያህል አይሰማም። በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው ምገባ እጅግ የሚመሰገን ሲሆን፣ የሚደርሰው ግን ልጁ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው፤ አንጎል በፍጥነት የሚያድግበት፣ ደም ማነስም ትኩረትንና የመማር ችሎታን የሚጎዳበት የመጀመሪያው ሁለት ዓመት ግን ያን ጊዜ አልፏል። ስለዚህ የጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ካህናትና የወረዳው ጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ከዘወረደ በፊት ተገናኝተው፣ ለሕፃኑ የተለየች ትንሽ ድስትና ማንኪያ በየቤቱ እንድትቀመጥ፣ ነፍሰ ጡርና አራስም ስለ ጾማቸው ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲመክሩ፣ በዐውደ ምሕረት ላይ በግልጥ ቢያስተምሩ፣ ከድስቷ ዋጋ በቀር ሌላ በጀት አያሻውም።