አሥር ቦታ የተገለበጠ አንድ ምስክር

የአንድ የሕንድ ፖለቲከኛ የሕይወት ታሪክ በአማርኛ ሲጻፍ የተለመደው አሠራር ይታወቃል። ጸሐፊው የትውልድ ቀኑን፣ የተማረበትን ዩኒቨርሲቲና የወጣትነት ትግሉን ከአንድ ድረ ገጽ ያነሣል። ከዚያ ሌላ ሁለት ቦታ ያያል። ሦስቱም አንድ ነገር ካሉ «ተረጋግጧል» ተብሎ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። አሠራሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የዴልሂ ጋዜጦችም የዓለም የዜና ወኪሎችም በዚሁ ይሠራሉ፤ እንዲያውም ብዙ አዘጋጆች እንደ ሙያ ሕግ ለጀማሪ ያስተምሩታል። እኔ ይህ ማረጋገጥ አይደለም እላለሁ። ሦስቱም የሰሙት ከአንድ ሰው አፍ ከሆነ በእጃችን ያለው አንድ ምስክር ነው፤ ያም ምስክር ብዙ ጊዜ ባለታሪኩ ራሱ ነው።

የሕንድ የታችኛው ምክር ቤት፣ ሎክ ሳባ፣ ስለ እያንዳንዱ አባል አጭር የሕይወት ታሪክ ያወጣል። የአባት ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ትምህርት፣ ሙያ፣ የተሾመባቸው ቦታዎች፣ የጎበኛቸው አገሮች፣ ሌላው ቀርቶ የትርፍ ጊዜ መዝናኛው ጭምር ይሰፍራል። የምክር ቤቱ ስም ስላለበት ሁሉም እንደ መንግሥት መዝገብ ይቀበለዋል። መረጃውን የሚሰጠው ግን አባሉ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ተቀብሎ ያትማል እንጂ ወደ ትውልድ መንደሩ ሰው ልኮ አይጠይቅም። ያ ጽሑፍ ወደ ፓርቲው ድረ ገጽ ይገባል፤ ጋዜጣው ከዚያ ይወስዳል፤ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ጋዜጣውን ይጠቅሳል፤ በሚቀጥለው ምርጫ ደግሞ ሌላ ጋዜጣ ከመዝገበ ዕውቀቱ ይገለብጣል። ቃሉ አንድም አዲስ ዓይን ሳያየው አሥር ቦታ ይደርሳል።

ባለታሪክ የራሱ ምስክር ሲሆን የሚደርሰውን ከቪናያክ ዳሞዳር ሳቫርካር ታሪክ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ሳቫርካር የሂንዱ ብሔርተኝነት የሐሳብ መሪ ነበሩ። በ1911 (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዞች ወደ አንዳማን ደሴቶች እስር ቤት ወሰዷቸው። በ1924 ሲፈቱ ከራትናጊሪ አውራጃ እንዳይወጡና በፖለቲካ እንዳይሳተፉ ገደብ ተጣለባቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1926፣ «የባሪስተር ሳቫርካር ሕይወት» የሚል መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ታተመ። የደራሲው ስም ቺትራጉፕታ ይላል፤ በሂንዱ እምነት የሰዎችን ሥራ የሚመዘግበው የሞት አምላክ ጸሐፊ ስም ነው። መጽሐፉ ጀግንነታቸውን የሚያወድስ ነው። በ1987 እንደገና ሲታተም የመቅድሙ ጸሐፊ ቺትራጉፕታ የተባሉት ሳቫርካር ራሳቸው እንደሆኑ ገለጸ።

በመካከሉ 61 ዓመት አልፏል። በዚያ ሁሉ ጊዜ መጽሐፉን የሦስተኛ ወገን ምስክርነት አድርጎ የጠቀሰ ሰው፣ ሳቫርካር ስለ ሳቫርካር የተናገሩትን እየጠቀሰ ነበር። ሰውየው በብዕር ስም መጻፋቸውን አልነቅፍም፤ ፖለቲካ የተከለከለ ሰው ስሙን ቢሰውር ምክንያት አለው። የምነቅፈው «ቺትራጉፕታ ማነው? ይህን ሁሉ ከየት አወቀ?» ብሎ ሳይጠይቅ የሚጠቅሰውን ጸሐፊ ነው። በሌላ በኩል ሳቫርካር ከአንዳማን እስር ቤት ለእንግሊዝ መንግሥት የጻፏቸው የምሕረት ማመልከቻዎች አሉ፤ በ1913 የጻፉት በተለይ የታወቀ ነው። ወዳጆቻቸው መጽሐፉን ይዘው ማመልከቻውን ይተዋሉ፤ ጠላቶቻቸው ማመልከቻውን ይዘው እስር ቤቱን ይረሳሉ። ሁለቱም ወገን ምንጭ ጠቅሷል፤ ሁለቱም ግን ሰውየውን በሙሉ አላሳየም።

«ከምክር ቤቱ ጽሑፍ የተሻለ ሰነድ አለ፤ የተወዳዳሪዎች ቃለ መሐላ» የሚል መልስ እሰማለሁ። በእርግጥ ሕንድ በዚህ ረገድ ብዙ አገሮች የሌላቸውን ነገር አግኝታለች። በአህመዳባድ የሥራ አመራር ኢንስቲትዩት መምህራን የተመሠረተው የዴሞክራሲ ማሻሻያዎች ማኅበር በ1999 የተወዳዳሪዎች መረጃ ይፋ እንዲሆን ጠይቆ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2002 መራጩ የሚመርጠውን ሰው የማወቅ መብት እንዳለው ወሰነ። ፓርላማው ያንን የሚያጠብ ሕግ ሲያወጣም በ2003 ሻረው። ከዚያ ወዲህ ተወዳዳሪ ሁሉ የቀረበበትን የወንጀል ክስ፣ ሀብቱን፣ ዕዳውንና የትምህርት ደረጃውን በመሐላ ጽፎ ያስገባል፤ ሕዝብም ያነበዋል። በሐሰት የሞላ እስከ ስድስት ወር ሊታሰር ይችላል። ይህ በብዙ ድካም የተገኘ ነገር ነው፤ አከብረዋለሁ። ሆኖም ቅጹን የሚቀበለው የምርጫ ሹም መሟላቱን ያያል እንጂ እውነትነቱን አይመረምርም። ስለዚህ ቃለ መሐላውም የባለታሪኩ ቃል ነው። የሚጠቅመን ቀንና ፊርማ ስላለው፣ ያው ሰው በሚቀጥለው ምርጫ ሌላ ስለሚሞላ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ስለሚቻል ነው።

ለምሳሌ ፖለቲከኛዋ ስምሪቲ ኢራኒ በ2004 ባስገቡት ቃለ መሐላ በ1996 ከዴልሂ ዩኒቨርሲቲ በተልእኮ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ እንዳገኙ ጻፉ። በ2014 የሞሉት ግን የንግድ ትምህርት የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ይጠቅሳል። በ2019 ደግሞ የሦስት ዓመቱን ትምህርት እንዳልጨረሱ በግልጽ አሰፈሩ። በጉዳዩ ላይ የቀረበውን አቤቱታ አንድ የዴልሂ ፍርድ ቤት በ2016 ሳይቀበለው ቀርቷል፤ ፍትሐዊ ጸሐፊ ይህንንም አብሮ ይጽፋል። የ2004ቱን ብቻ አንሥቶ የጻፈ ጋዜጠኛ በእጁ በመሐላ የተፈረመ ሰነድ ነበረው፤ የጻፈው ግን ትክክል አልነበረም።

ናሬንድራ ሞዲ በጉጅራት ምክር ቤት ምርጫዎች ሲወዳደሩ የትዳር ጓደኛን የሚጠይቀውን ቦታ ባዶ ይተዉት ነበር። በ2014 ከቫዶዳራ ለፓርላማ ሲቀርቡ ሞሉት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባዶ ቦታ የተተወበት ቃለ መሐላ ዕጩነትን ሊያሰርዝ እንደሚችል የወሰነው በ2013 ነበር። በወጣትነታቸው ማግባታቸውን ግን መንደር ድረስ ሄደው የጠየቁ ጋዜጠኞች ከዚያ አስቀድመው ዘግበውታል። በእነዚያ ዓመታት «በይፋ ሰነድ ያልሰፈረ አልጽፍም» ያለ ሁሉ ለአንባቢው የነፈገው እውነተኛውን መረጃ ነው። ዋናው ጥያቄ ሰነዱ ይፋ ነው ወይ የሚል ሳይሆን ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ምን ይጠቅመው ነበር የሚል ነው።

የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀትም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። በ2017 ከኡታር ፕራዴሽ የተመረጡት አብዱላ አዛም ካን ሁለት የልደት ምስክር ወረቀት ነበራቸው፤ በራምፑር የወጣው ጃንዩዋሪ 1 ቀን 1993፣ በላክናው የወጣው ሴፕቴምበር 30 ቀን 1990 ይላል። ለመወዳደር 25 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው። የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማስረጃዎቹን መርምሮ ዕድሜያቸው አልሞላም በማለት በ2019 ምርጫውን ሰረዘ። ዳኛው ማኅተም አልቆጠሩም፤ የትኛው ወረቀት ቀድሞ ወጣ፣ የትኛውስ በኋላ ተሠራ ብለው ነው የመረመሩት። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊም ሥራው ይህ ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚከብደው የጄኔራል ቪ. ኬ. ሲንግ ጉዳይ ነው፤ የምድር ጦሩ አዛዥ የነበሩና በ2014 ፓርላማ የገቡ ሰው። በአንዱ የጦሩ ቢሮ መዝገብ የተወለዱት በ1951፣ በሌላው በ1950 ነው፤ ቀኑና ወሩ አንድ ነው፣ ሜይ 10። የትምህርት ቤት ምስክር ወረቀታቸው 1951 ሲል፣ ወደ መኮንኖች አካዳሚ ለመግባት የተሞላው ቅጽ 1950 ይላል። ጡረታቸው በዚህ ላይ ስለቆመ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2012 ፍርድ ቤቱ እንደማይቀበላቸው ሲያመለክት ጄኔራሉ አቤቱታቸውን አነሡ። «ፍርድ ቤቱ በ1950 እንደተወለዱ አረጋገጠ» ተብሎ የተጻፈውን አንብቤያለሁ፤ ስሕተት ነው። ፍርድ ቤቱ ያየው መንግሥት በአገልግሎት መዝገብ የያዘውን ቀን እንጂ ሰውየው በእውነት የተወለዱበትን ቀን አልነበረም። ችሎቱ ያልመለሰውን ጥያቄ በችሎቱ ስም መመለስ ሰነድን መበደል ነው።

ተጠራጣሪ ነን የሚሉትም ቢሆኑ ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደሉም። በሞዲ ዲግሪዎች ላይ ለዓመታት የተካሄደውን ክርክር ተመልከቱ። የዴልሂና የጉጅራት ዩኒቨርሲቲዎች ዲግሪዎቹን የሰጡት እነርሱ እንደሆኑ ተናግረዋል። የጉጅራት ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2023 ዩኒቨርሲቲው መረጃውን ለፖለቲከኛው አርቪንድ ኬጅሪዋል እንዲሰጥ የተላለፈውን ትእዛዝ ሽሮ በኬጅሪዋል ላይ 25,000 ሩፒ ጣለ። መዝገቡ ለሕዝብ ቢከፈት ይሻል ነበር የሚል ክርክር ይገባኛል፤ እኔም ከዚያ ወገን ነኝ። ነገር ግን «ሰነዱን አላሳዩንም፣ ስለዚህ ዲግሪ የላቸውም» ብሎ በሕይወት ታሪክ ላይ ማስፈር ከመገልበጡ የማይሻል ጥፋት ነው። ገልባጩ የባለታሪኩን ቃል ያምናል፤ ይህኛው የራሱን ጥርጣሬ ያምናል፤ ሰነድ ያየ ከሁለቱም አንድ የለም።

የእኛ አዘጋጆች ሁልጊዜ የሚያነሡት መከላከያ ርቀት ነው፤ ሂንዲም ጉጅራቲም አናነብም፣ ለአንድ ገጽ ጽሑፍ የፍርድ ቤት መዝገብ መበርበሪያ ጊዜ የለንም ይላሉ። መዝገቡን ማግኘት ያልቻለ ጸሐፊ ግን ማን እንደተናገረው መጻፍ አያቅተውም። «ለፓርላማው ባስገቡት ጽሑፍ እንደገለጹት» ለማለት ሂንዲ ማወቅ አያስፈልግም። እንዲያውም እኛ ከሕንዶቹ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለብን፤ ቀን ወደ ራሳችን አቆጣጠር ስንመልስ በምንጩ የሌለ ስሕተት ልንጨምር እንችላለን።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው የማንሞሃን ሲንግ ልደት ነው፤ የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ በ2011 አዲስ አበባ መጥተው ለሁለቱ ምክር ቤቶቻችን የጋራ ስብሰባ ንግግር ያደረጉ ሰው ነበሩ። የተወለዱት ጋህ በምትባል መንደር ነው፤ በ1947 ሕንድ ስትከፈል መንደሯ በፓኪስታን በኩል ቀረች፤ የልጅነት መዝገባቸውም እዚያው ቀረ። በይፋ የሚታወቀው ልደታቸው ሴፕቴምበር 26 ቀን 1932 ነው። በጋህ ትምህርት ቤት መዝገብ የተገኘው ደግሞ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1932 ነው። ለፈረንጅ አንባቢ ሁለቱም 1932 ስለሆኑ ልዩነቱ የወራት ነው። በእኛ አቆጣጠር ግን የመጀመሪያው መስከረም 16 ቀን 1925፣ ሁለተኛው ጥር 26 ቀን 1924 ይሆናል፤ የተለያዩ ዓመታት ናቸው። ከ1932 ላይ በደፈናው ሰባት ወይም ስምንት የሚቀንስ ጸሐፊ የትኛውን ቀን እንደያዘ ራሱም ሳያውቅ ዓመት ይመርጣል። መጻፍ ያለበት ይህን ያህል ነው፦ ሲንግ በይፋ በሚታወቀው መሠረት መስከረም 16 ቀን 1925 ዓ.ም. ተወለዱ፤ በልጅነት የተማሩበት የጋህ ትምህርት ቤት መዝገብ ግን ጥር 26 ቀን 1924 ዓ.ም. ይላል።