ከጸሎት ቤት የወጣ ዜማ

ልጆቻችን የሚሰሙትን የባሕር ማዶ ዘፈን በሚመለከት ከወላጆች ዘንድ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንዱ ወገን «ይህ ሁሉ የሰይጣን ጩኸት ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ልጅነት ነው፤ ያልፋል» ብሎ ዝም ይላል። ሁለቱም የነገሩን አመጣጥ ሳይመረምሩ የሚፈርዱ ስለ ሆነ፣ በዚህ ወር ገጻችን ሮክ ኤንድ ሮል የተባለው ሙዚቃ ከወዴት እንደ ተነሣ ጥቂት ለመተረክ አስበናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ብዙ አንባብያንን የሚያስደንቀው ነገር፣ የዚህ ሙዚቃ አንደኛው ሥር የተተከለው በመጠጥ ቤት ሳይሆን በጸሎት ቤት መሆኑ ነው።

በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ባርነት በሕግ የቀረው በ1865 ነበር። ከዚያም በኋላ የባሮቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ድህነትና የዘር መለያየት ሕግ እየተጫናቸው በሰው መሬት ላይ ጥጥ ሲለቅሙ ኖሩ። ኀዘናቸውን የሚያወጡበት ሁለት ዓይነት ዜማ ነበራቸው፤ አንደኛው እሑድ ጠዋት በጸሎት ቤት የሚዘመረው፣ ሁለተኛው ቅዳሜ ማታ በመጠጥ ቤት የሚዘፈነውና ብሉዝ የተባለው ነው። በ1906 በሎስ አንጀለስ ከተማ በአዙዛ ጎዳና የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ በተነሣ ጊዜ፣ ቻርልስ ሜሰን የተባለ ጥቁር ሰባኪ በ1907 ወደዚያ ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ማእከሉ በሜምፊስ ከተማ የሆነ ማኅበረ ምእመናን አደራጀ። የሃይማኖት ትምህርታቸው ከእኛ የራቀ መሆኑን አንባቢ ያውቀዋል፤ እዚህ የምንናገረው ስለ ዜማቸው ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች 150ኛውን መዝሙረ ዳዊት እየጠቀሱ ከበሮውንም፣ መለከቱንም፣ ጊታሩንም፣ ፒያኖውንም ወደ ጸሎት ቤታቸው አስገቡ። ከእነርሱ የተሻለ ኑሮ የነበራቸው ሌሎች ጥቁር ምእመናን ግን ይህን ሁሉ ጩኸት እንደ ውርደት ቈጥረው ይንቋቸው ነበር።

በእኛ ዘንድ ከበሮ በቤተ መቅደስ መመታቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን የቅዱስ ያሬድ ዜማ ልክ አለው፤ ሊቃውንቱ በመቋሚያና በጸናጽል ሲያሸበሽቡ እግር የሚነሣበትና የሚያርፍበት ሁሉ ከመምህር የተወረሰ ሥርዓት ነው። መሣሪያዎቻችንም ቦታቸው ተለይቶአል፤ በገና ለንስሐና ለምስጋና ይደረደራል፤ ክራር ግን የዘፈን ነው ተብሎ ከደጅ ይቀራል። እነዚያ ምእመናን እንዲህ ያለ አጥር አልነበራቸውም። ቅዳሜ በመጠጥ ቤት የሚጮኸውና እሑድ በጸሎት ቤት የሚጮኸው ጊታር አንድ ነበረ፤ ልዩነቱ በቃሉና በዘማሪው ልብ ላይ ብቻ ነበር። የሚቀጥለው ታሪክ ሁሉ የተወለደው ከዚህ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ሮዜታ ታርፕ በ1915 በአርካንሳስ ግዛት ኮተን ፕላንት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። እናትዋ ኬቲ ቤል ኑቢን በሜሰን ማኅበር ውስጥ ማንዶሊን እየመታች የምትሰብክ ሴት ስለ ነበረች፣ ልጅዋን ገና በሕፃንነትዋ ጊታር አስይዛ በየጉባኤው ታቆማት ነበር። ሮዜታ በ1938 በኒው ዮርክ ሸክላ አስቀረጸች፤ በዚያው ዓመትም ኮተን ክለብ በተባለው የጭፈራ ቤት ቆማ ዘመረች። ፈተናው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ካስቀረጸቻቸው አንዱ ቶማስ ዶርሲ የደረሰው መንፈሳዊ መዝሙር ሲሆን፣ በእርስዋ አዘፋፈን ግን መጠጡን ጨብጦ ለሚሰማ ሰው የፍቅር ዘፈን ሊመስለው ይችል ነበር። ያሳደጓት ምእመናን እጅግ አዘኑባት።

ዶርሲ ራሱ የሰባኪ ልጅ ሲሆን በወጣትነቱ «ጆርጂያ ቶም» በሚል ስም ባለጌ የሆነ የብሉዝ ዘፈን ይደርስ ነበር። በ1932 ሚስቱ በወሊድ ሞተች፤ ሕፃኑም ወዲያው ተከተላት። በዚያ ኀዘን ውስጥ ሆኖ እስከ ዛሬ በብዙ አገር የሚዘመር መዝሙር ደረሰ፤ ቀሪ ዕድሜውንም ለመንፈሳዊ ዜማ ሰጠ። እርሱ ከመጠጥ ቤት ወደ ጸሎት ቤት በተሻገረበት ድልድይ ሮዜታ ወደ ማዶ ተሻገረች፤ ደጋግማም ተመላለሰችበት።

በ1944 የቀረጸችው አንድ መዝሙር በተከታዩ ዓመት በጥቁሮች የሸክላ ሽያጭ ሠንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ደረሰ። አንዳንዶች የመጀመሪያው ሮክ ኤንድ ሮል እርሱ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ በ1951 በሜምፊስ የተቀረጸውን «ሮኬት 88» ይጠቅሳሉ፤ ክርክሩ ለእኛ ብዙ አይጠቅመንም። በ1951 ሮዜታ ሠርግዋን በዋሽንግተን ከተማ በቤዝቦል ሜዳ ትኬት አስሸጥታ አደረገች፤ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከፍሎ ገባ፤ ከሥርዓቱም በኋላ በሙሽራ ልብስዋ ጊታር አንሥታ ዘመረች። ጋብቻን ምሥጢር ብለን ለምናከብር ለእኛ ይህ ነገር ከቶ አይዋጥልንም።

ከእርስዋ በኋላ የተነሡት ስመ ጥር ዘፋኞችም ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው። በ1947 በጆርጂያ ግዛት በሜከን ከተማ የ14 ዓመት ልጅ በመድረክዋ እንዲዘምር ፈቀደችለት፤ ገንዘብም ሰጠችው። ይህ ልጅ ኋላ ሊትል ሪቻርድ ተብሎ የታወቀው ነው። በ1955 ዝናው ገነነ፤ በ1957 በአውስትራሊያ ሲዘዋወር ሳለ ዘፈኑን በድንገት ተወና ወደ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ዘፈኑ ተመለሰ፤ በ2020 እስኪሞት ድረስም በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ኖረ። ጄሪ ሊ ልዊስ ደግሞ በቴክሳስ ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የተባረረ ሲሆን፣ በ1957 በሜምፊስ ሊዘፍን በተቀመጠበት ሰዓት ዘፈኑ የሰይጣን መሆኑን እየተናገረ ከስቱዲዮው ባለቤት ጋር የተከራከረበት ድምፅ ተቀርጾ ዛሬም ይገኛል። ተከራከረና ዘፈነ። ኤልቪስ ፕሪስሊ በዓለማዊ ዘፈን የዓለምን ወጣት ቢያስጨፍርም፣ ግራሚ የተባለውን ሽልማት በውድድር ያገኘው 3 ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱም በመንፈሳዊ መዝሙር ነው። እንግዲህ «ልጅነት ነው፤ ያልፋል» ለሚሉት ወላጆች የምናሳያቸው እነዚህን ሰዎች ነው፤ ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ከማንም ይልቅ ዘፋኞቹ ራሳቸው ያውቁት ነበር።

በሩን ለሚዘጉት ወላጆች ደግሞ ሌላ ነገር አለን። አርተር ክሩደፕ የተባለ የሚሲሲፒ ጥቁር ሠራተኛ በ1946 አንድ ዘፈን ደርሶ በሸክላ አስቀረጸ። ኤልቪስ በሐምሌ 1954 የመጀመሪያ ሸክላውን ያወጣው በዚሁ ዘፈን ነው። ከዘፈኑ ብዙ ገንዘብ ሲገኝ፣ ክሩደፕ ልጆቹን የሚያሳድገው በእርሻ የቀን ሥራ ነበረ፤ በ1974 የሚገባው ዋጋ ሳይደርሰው ሞተ። ዋናው በደል የዘፋኙ ሳይሆን ውሉን የያዙት ነጋዴዎች ነው። መልእክተ ያዕቆብ በ5ኛው ምዕራፍ ስለ ተቀማ ደመወዝ ምን እንደሚናገር የቤት አባወራ ሁሉ አንብቦ ያውቃል። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ኃጢአት የሚፈልግ ሰው ከወገብ መወዛወዙ አስቀድሞ ይህን ቢመለከት ይሻላል።

በደቡቡ አዳራሾች ጥቁሩና ነጩ እንዳይቀላቀሉ በመካከል ገመድ ይዘረጋ ነበር፤ ጭፈራው ሲጋጋል ግን ወጣቶቹ ገመዱን እየተሻገሩ ይደባለቁ ነበር። በ1956 በአላባማ ግዛት የዘር መለያየት ደጋፊዎች ይህ ሙዚቃ ከየሸክላ ማጫወቻው እንዲወገድ ዘመቻ አነሡ። በአፋቸው የሚጠሩት የልጆችን ሥነ ምግባር ነበረ፤ የሚፈሩት ግን የገመዱን መውረድ ነበር።

ድምፁ ወደ እኛም ደርሶአል። በአሥመራ ቃኘው የተባለው የአሜሪካ ጦር ሠፈር የራሱ ሬዲዮ ስለ ነበረው ያንኑ ዘፈን ለከተማው ሰው አሰማ፤ በአዲስ አበባም ዓለማየሁ እሸቴ በ1960ዎቹ የኤልቪስን ዘፈን እየዘፈነ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» እስከ መባል ደረሰ።

ሮዜታ ታርፕ በ1964 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ፣ ባቡር በማይመጣበት አሮጌ ጣቢያ ላይ፣ ዝናም እየዘነበ ጊታርዋን አንግታ ስትዘምር የታየችበት ፊልም ዛሬም አለ። ከዚያ በኋላ በስኳር በሽታ ምክንያት እግርዋ ተቈረጠ፤ ተቀምጣም መዘመርዋን አልተወችም። በጥቅምት 1973 በፊላዴልፊያ ሞተች፤ መቃብርዋም ስምዋ የተጻፈበት ድንጋይ ሳይቆምለት ከ30 ዓመት በላይ ቈየ። በ2008 ሰዎች የሙዚቃ ጉባኤ አድርገው ገንዘብ ካሰባሰቡ በኋላ ድንጋዩ ተተከለላት።