«መጽሐፉ የታለ?» በበይነ መረብ የሚወጣ ልብ ወለድ እንደ ጥናት ምንጭ

በበይነ መረብ ብቻ የወጣ ልብ ወለድ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ምንጭ መሆን ይችላል? የጥናት ዕቅዴን ባቀረብኩበት ዕለት የገጠመኝ ጥያቄ ከዚህ ያጠረ ነበር፦ «መጽሐፉ የታለ?» አሳታሚ የለውም፤ የገጽ ቁጥር የለውም፤ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይም አይገኝም። ስለዚህ አይጠናም ተባለ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ የተሰጠው መደምደሚያ ግን ስሕተት ይመስለኛል። አቋሜን ለማስረዳት በሌላ አገር የተጻፈና በሚገባ የታወቀ አንድ ድርሰት በምሳሌነት አነሣለሁ።

አሜሪካዊው የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለሙያ አንዲ ዊር «ዘ ማርሺያን» የተሰኘውን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ምዕራፍ በምዕራፍ ያለ ክፍያ ያወጣ ነበር። ድርሰቱ ማርስ ላይ ብቻውን የቀረ የጠፈር ተጓዥ ውሃና ምግብ እያበጀ በሕይወት ለመቆየት የሚያደርገውን ትግል ይተርካል። አንባቢዎች፣ በተለይም ኬሚስትሪ የሚያውቁት፣ ስሕተት ባገኙ ቁጥር ይጽፉለት ነበር፤ እሱም ያርማል። በ2011 ድርሰቱን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም በኪንድል አቀረበው። በ2014 ክራውን የተባለው አሳታሚ አወጣው፤ በ2015 ደግሞ በሪድሊ ስኮት ዳይሬክተርነት ፊልም ሆነ። ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሎተሪ ዕጣ እንደወጣለት ሰው ወሬ ይነገራል። ለተመራማሪ የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ቁም ነገሩ ያለው በዘመኑ ላይ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ውሃ የሚያገኘው ሃይድራዚን ከተባለ የመንኮራኩር ነዳጅ ሃይድሮጅን ለይቶ ከኦክስጅን ጋር በማቃጠል ነው፤ በዚህም ሙከራ ራሱን ለሞት ያጋልጣል። በመስከረም 2013 (እ.ኤ.አ.) ግን ኪዩሪዮሲቲ ከተባለችው የማርስ ተሽከርካሪ በተገኘ መረጃ መሠረት፣ የማርስ አፈር ሲሞቅ ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ውሃ እንደሚሰጥ ተገለጠ። አንድ አጥኚ የ2014ቱን እትም ብቻ ይዞ ቢነሣ፣ ደራሲው በቅርቡ የታወቀውን ግኝት ችላ ብሏል ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ምዕራፎቹ በድረ ገጹ የወጡበትን ጊዜ የሚያውቅ ግን እንዲህ አይፈርድም፤ ተሽከርካሪዋ ማርስ ላይ ያረፈችው በነሐሴ 2012 ነውና። ያው ክፍል በአንዱ ቀን ሲለካ ግድየለሽነት፣ በሌላው ሲለካ ደግሞ ለዘመኑ ዕውቀት መታመን ይሆናል። ፍጻሜውም ቢሆን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ቅጂ ገጸ ባሕርይው ወደ ምድር ከተመለሰ በኋላ የሚታይ አጭር ትዕይንት ነበረው፤ በአሳታሚው እትም ያ ትዕይንት ቀርቷል። ስለ ልብ ወለዱ ፍጻሜ የሚጽፍ ሰው ስለ የትኛው ቅጂ እንደሚናገር መግለጽ አለበት።

ይህ ዓይነቱ ችግር ለእኛ አገር ምሁራን እንግዳ አለመሆኑ ነው የሚገርመኝ። የግእዝ የብራና መጽሐፍም አሳታሚ የለውም። ሁለት ቅጂዎች በሁሉም ነገር አንድ ሆነው አይገኙም፤ አንዱ ጸሐፊ ይጨምራል፣ ሌላው ይዘላል፣ ሦስተኛው በኅዳግ ላይ ያርማል። የፊሎሎጂ ሊቃውንት «የጸና ቃል የለውም» ብለው አልተዉትም፤ ቅጠሉን ቆጠሩ፣ ቅጂዎቹን አስተያዩ፣ ልዩነቱንም መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን አንሥቷል፤ ዛሬም በየመለያ ቁጥራቸው ይጠቀሳሉ። የገጽ ቁጥር አለመኖር ጥናትን ካላገደ፣ የቴሌግራም ትረካ ላይ ሲደርስ ብቻ የሚያግድበት ምክንያት አይታየኝም።

ልዩነቱ ዕድሜያቸው ነው። ብራና ተረስቶም ቢሆን ብዙ መቶ ዓመት ይቆያል። «ክፍል አንድ»፣ «ክፍል ሁለት» እየተባለ በቴሌግራም የሚወጣ የአማርኛ ተከታታይ ትረካ ግን በባለቤቱ አንድ ንክኪ ይሰረዛል፤ ሲታረምም የቀድሞው ቃል ለአንባቢ አይታይም። እንግዲህ ጥናቱ «መጽሐፍ እስኪሆን ይቆይ» ሲባል፣ ከመካከላቸው አብዛኞቹ መጽሐፍ ሳይሆኑ እንደሚጠፉ መታወቅ አለበት።

የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። አርታኢ ያላየው ጽሑፍ የፊደል ግድፈትና የችኮላ ብዛት አለበት፤ እኔም ራሴ ሦስተኛው ክፍል ላይ ደርሼ የተውኳቸው ጥቂት አይደሉም። የአንባቢ አስተያየትም ሁልጊዜ እንደ ዊር አንባቢዎች ስሌት አያርምም፤ «እባክህ አትግደላት» የሚለው ልመና በዝቶ ትረካው ያለ ቅጥ ሲረዝም አይቻለሁ። ይሁን እንጂ አንድን ድርሰት ማጥናት ማለት መሸለም አይደለም፤ እንዲያውም ይህ የአንባቢ ግፊት በሥነ ጽሑፍ ጥናት ሊመረመር የሚገባው ጉዳይ ነው። ሕጉም ቢሆን ከእኛ ቀድሟል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥ የሆነና በግዙፍ ነገር ላይ የተቀረጸ ሥራን፣ ጥራቱንና ዓላማውን ሳይመለከት፣ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቃል፤ አሳታሚ አይጠይቅም።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች የጥናት መመሪያቸውን እንዲያሻሽሉ እጠይቃለሁ። ተማሪው የደራሲውን ስም ወይም የብዕር ስም፣ እያንዳንዱ ክፍል የወጣበትንና እሱ የቀዳበትን ቀን ይመዝግብ፤ በደራሲው ፈቃድም አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍት ያስቀምጥ። አስተያየት ሰጪዎች ለጥናት ብለው አልጻፉምና ስማቸው ይቅር። ሥራው አድካሚ ነው፤ ከማይክሮፊልሙ ግን አይከብድም።

እኔ ለጥናቴ የመረጥኳቸው ተከታታይ ትረካዎች ሦስት ነበሩ። ሁለቱን ቀን እየጻፍኩ መቅዳት ጀምሬአለሁ። ሦስተኛው፣ ከሦስቱ የተሻለ የሚመስለኝ፣ ዕቅዴ እስኪጸድቅ ስጠብቅ ከነገጹ ተሰርዟል። አሁን በእጄ ያለው በማስታወሻ ደብተሬ የጻፍኩት የአንድ ገጽ ማጠቃለያ ብቻ ነው።